መሬት ገዝቼ ሻጩ አላስረክብም አለኝ፤ ፍርድ ቤት ያስገድድልኛል?

የጅማ አንባቢያችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «አረብ አገር ሠርቼ ባመጣሁት ገንዘብ በአጋሮ መውጫ ከአንድ ገበሬ 200 ካሬ ቦታ ገዛሁ። የከፈልኩት 380 ሺህ ብር ነው፤ ውሉ ላይ የተጻፈው ግን 200 ሺህ። ሦስት ምስክር ፈርሟል። አሁን ዋጋው ሲጨምር ሻጩ አላስረክብም አለኝ። ከስሼ ላስፈጽመው እችላለሁ?»

እህቴ፣ ገንዘቡ በስንት ድካም እንደመጣ ስለሚገባኝ ሳላለባብስ ልንገርሽ። ቦታውን አስረክበኝ ብለሽ ብትከሺ ትሸነፊያለሽ። ምስክር ስላነሰ ወይም ውሉ ክፉኛ ስለተጻፈ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ ገበሬው የመጠቀም መብት እንጂ የሚሸጥልሽ መሬት አልነበረውም።

ውልሽ መጨረሻ ላይ «በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት የጸና ነው» የሚል አለበት አይደል? የመንደር ውል ጸሐፊ ሁሉ ይጽፋታል። ሰውም እሷን አይቶ ይተማመናል። ነገር ግን 1731 እንደ ሕግ ያስገድዳል የሚለው በሕግ አግባብ የተደረገን ውል ነው። ሕግ የከለከለውን ነገር መቶ ሰው ቢፈርምበትም አይጸናም። «ውሉን ያፈረሰ ይህን ያህል ይከፍላል» የሚለው መቀጫም አብሮ ይወድቃል።

ጅማ ከተማ ሕርማታ ሰፈር ውስጥ ካርታ ያለው ቤት ገዝተሽ ቢሆን መልሴ ሌላ ነበር። አንድ ሰው በመሬቱ ላይ የሠራውን ቤት መሸጥ ይችላል፤ አንቀጽ 40(7) ይፈቅዳል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በቁጥር 1723 መሠረት ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ከተደረገ፣ ሻጩን ስመ ሀብቱን አዙርልኝ ብሎ መክሰስ ይቻላል። አንዳንድ ደላላ ይህን ይዞ «የቤት ሽያጭ ብለን እንጻፈው» ይላል፣ ቤት በሌለበት። ሌላው «ስጦታ እናድርገው» ይላል፤ የገጠር መሬት ስጦታ ግን ለቤተሰብ እንጂ ለገዢ አይደለም። አትስሚያቸው። ዳኛ የወረቀቱን ርዕስ ሳይሆን በእውነት የተደረገውን ነው የሚመረምረው።

እና ምን ቀረሽ? ገንዘብሽ። ውል ፈራሽ ሲሆን ተዋዋዮች በተቻለ መጠን ከውሉ በፊት ወደነበሩበት ይመለሳሉ፣ ቁጥር 1815 ነው። ክስሽን በዚህ ላይ መሥርቺ። እዚህ ላይ ግን የሚያሳስበኝ ከፍለሽው ውሉ ላይ ያልተጻፈው 180 ሺህ ነው። ውሉ እንደ ሽያጭ ባይጸናም ሻጩ 200 ሺህ መቀበሉን ያሳይልሻል፣ ስለዚህ ዋናውን ቅጂ ለማንም እንዳትሰጪ። ቀሪውን በባንክ ካስገባሽለት ከባንኩ የሒሳብ መግለጫ አውጪ። በእጅ ከሰጠሽው ሰውየው «አልተቀበልኩም» ማለቱ አይቀርም፣ ስለዚህ ሲቀበል ያዩትን ሰዎች ዛሬውኑ አነጋግሪ። ዋጋ አሳንሶ መጻፍ ሁልጊዜ የሚጎዳው ገዢውን ነው። የቦታውን የዛሬ ዋጋ ግን አትጠብቂ፣ የምትጠይቂው የከፈልሽውን ነው።

ከክሱ በፊት ሽማግሌ መላክ ጥሩ ነው። ገበሬው ብር የሚይዘው ቡና ሲሸጥ ነውና በዚያ ጊዜ ሊከፍል ከተስማማ በጽሑፍ አስፈርሚው፤ ያልተጻፈውን 180 ሺህም በዚያው ወረቀት ላይ እንዲያምን አድርጊ። ሽማግሌዎቹ «ግማሹን ቦታ ውሰጂ» ብለው ካስታረቁሽ ግን እንቢ በይ፣ ፍርድ ቤት ያንን ዕርቅ አያጸድቀውም።

ደግሞ «ከያዝኩት ማን ይነቅለኛል» ብለሽ አጥር እንዳታጥሪ፣ ጨረቃ ቤትም እንዳትሠሪ። ነገ ከተማው ቦታውን ለልማት ቢወስደው ካሳ የሚከፈለው ለሕጋዊው ባለይዞታ ነው።

ካልተስማማ ጠበቃ ያዢ። ክሱ በአፋን ኦሮሞ ስለሚቀርብ ቋንቋውን አጣርቶ የሚጽፍ ይሁን። ሰውየው ንብረቱን እያሸሸ ከሆነም ከፍርድ በፊት እንዲታገድልሽ አብሮ ያመልክት። አጠቃላዩ የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው ገደብ፣ 10 ዓመት ቢሆንም ምስክሮችሽ በአካባቢው ሳሉ ክሰሺ።