አሮጌ ኮምፒውተሮችና አዳዲስ ስርዓተ ክወናዎች፦ ጥያቄና መልስ

ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10 ለተባለው ስርዓተ ክወና (ኮምፒውተሩን ለሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም) የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካቋረጠ ወዲህ፣ ለዓመታት ያለ ችግር ያገለገለ ኮምፒውተር ከጥቅም ውጭ ሆኖ እንደሆነ የሚጠይቁ ሰዎች በርክተዋል። በኮምፒውተር ሥራ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ የቆየሁ በመሆኔ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች በተቻለኝ መጠን እመልሳለሁ፤ ተመሳሳይ የሆኑትንም አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ድጋፍ ተቋረጠ ሲባል በተግባር ምን ማለት ነው? የእኔ ኮምፒውተር ዛሬም እንደ ትናንቱ ይሠራል።

መልስ፦ ይሠራል፤ ነገም ይሠራል። የተቋረጠው ነገር ቢኖር በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ በነጻ ይለቀቅ የነበረው የደኅንነት ማሻሻያ ነው። አደጋው በዕለቱ የሚታይ ሳይሆን ቀስ በቀስ የሚጠራቀም ነው። ዊንዶውስ 10 እና ዊንዶውስ 11 ሰፊ የጋራ ኮድ ስላላቸው፣ ለአዲሱ ስርዓት የሚወጣ እያንዳንዱ ጥገና ክፍተቱ የት እንደነበረ ለአጥቂዎች ይጠቁማል፤ እነርሱም ያንኑ ክፍተት ጥገና በማይደርሰው በአሮጌው ላይ ይሞክሩታል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 በብዙ አገሮች የተዛመተውን፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀውን ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ያስታውሱ። ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚደፍነውን ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት ለቅቆ ነበር፤ የተጠቁትም በአብዛኛው ማሻሻያው እያለላቸው ያልጫኑት የዊንዶውስ 7 ኮምፒውተሮች ነበሩ። አሁን በዊንዶውስ 10 ላይ የሚቆይ ሰው ግን፣ ከታች በማነሣው የተራዘመ ማሻሻያ ካልተጠቀመ በቀር፣ ማሻሻያውን መጫን ቢፈልግ እንኳ የሚጭነው አይኖርም። ማይክሮሶፍት ዲፌንደር የተባለውን የዊንዶውስ ጸረ ቫይረስ የቫይረስ መለያ መረጃ እስከ 2028 ማደሱን እንደሚቀጥል አስታውቋል፤ ሆኖም ጸረ ቫይረስ በስርዓቱ ውስጥ ያለውን ክፍተት ስለማይደፍን ይህ ብቻውን በቂ አይደለም።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 7 ፕሮሰሰርና 16 ጊጋባይት ራም አለው። ዊንዶውስ 11 ግን አልቀበልም አለው፤ ከእርሱ እጅግ ደካማ የሆነውን የወንድሜን ሴለሮን ላፕቶፕ ተቀብሏል። ይህ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ መስፈርቱ የጉልበት መስፈርት ስላልሆነ ነው። በጉልበት በኩል የሚጠየቀው አነስተኛ ነው፤ 1 ጊጋኸርዝ ፍጥነትና ሁለት ኮር ያለው 64 ቢት ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታ ይበቃል። ብዙዎችን የሚጥለው የደኅንነቱ ክፍል ሲሆን፣ እርሱም ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የምስጠራ ቁልፍ ጠባቂ፣ ሴኪዩር ቡት (ያልተረጋገጠ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን እንዳያስነሣ የሚከለክል መከላከያ) የሚችል ዩኢኤፍአይ የተባለ ማስነሻ ፕሮግራምና በኩባንያው ዝርዝር ውስጥ የተካተተ ፕሮሰሰርን ይጠይቃል። ዝርዝሩ በኢንቴል በኩል ከጥቂት የሰባተኛ ትውልድ ሞዴሎች በስተቀር የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ስምንተኛ ትውልድ ነው፤ በኤኤምዲ በኩል ደግሞ በመሠረቱ ከራይዘን 2000 ይጀምራል። አራተኛው ትውልድ የ2013 ምርት በመሆኑ፣ ጉልበቱ ምንም ያህል ቢሆን ከመስመሩ በታች ይቀራል።

ምክንያቱ ፈጽሞ ከንቱ ነው አልልም። አዲሱ ስርዓት አደገኛ ኮድን ከዋናው የስርዓቱ ክፍል ለይቶ ለመያዝ የሚጠቀምበት ዘዴ በአሮጌ ፕሮሰሰሮች ላይ ፍጥነትን በግልጽ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ቲፒኤም 2.0 እያላቸው በፕሮሰሰር ዝርዝሩ ብቻ የተጣሉ የስድስተኛና የሰባተኛ ትውልድ ኮምፒውተሮች ብዙ ናቸው፤ መስመሩ በዚያ ቦታ የተሰመረው ቴክኖሎጂው ስላስገደደ ብቻ ሳይሆን ኩባንያው እዚያ ላይ ማቆም ስለመረጠም ጭምር ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ የእኔ ላፕቶፕ ስምንተኛ ትውልድ ነው፤ ነገር ግን ቲፒኤም የለውም ይላል።

መልስ፦ ምናልባት አለው፤ ተዘግቶ ነው። በዚያ ዘመን የተመረቱ ብዙ ማዘርቦርዶች ይህን አገልግሎት በራሱ በፕሮሰሰሩ በኩል ይሰጣሉ፤ ከፋብሪካ ሲወጡ ግን ያላበሩት አሉ። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ ገብተው በኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ በኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም የሚለውን ይፈልጉና ያብሩት። ከዚያ በፊት ሁለት ነገር ያረጋግጡ። አንደኛ፣ ዲስኩ በቢትሎከር የተመሰጠረ ከሆነ የመልሶ ማግኛ ቁልፉን ከኮምፒውተሩ ውጭ ያስቀምጡ፤ የባዮስ ለውጥ ቁልፉን ሊያስጠይቅዎ ይችላል፣ ቁልፉ ከሌለ ደግሞ ፋይሉ የለም። ሁለተኛ፣ ዲስኩ ኤምቢአር በተባለው በአሮጌው አከፋፈል የተዘጋጀ ከሆነ፣ ጂፒቲ ወደተባለው አዲሱ አከፋፈል ሳይለውጡ የአነሳሱን ሁኔታ ሌጋሲ ከተባለው ከአሮጌው ወደ ዩኢኤፍአይ ቢያዞሩት ዊንዶውስ አይነሣም።

ጥያቄ፦ መስፈርቱን አልፎ ዊንዶውስ 11 መጫን የሚቻልበት መንገድ እንዳለ ሰምቻለሁ። ይመክሩታል?

መልስ፦ መንገዱ አለ፤ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይም ይሠራል። ማይክሮሶፍት ግን መስፈርቱን ለማያሟላ ኮምፒውተር ማሻሻያ እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም። በተግባር ወርኃዊው ማሻሻያ አብዛኛውን ጊዜ ሲደርስ፣ ዓመታዊውን አዲስ እትም ግን በእጅ መጫን የተለመደ ነው። ሊታለፍ የማይችል ወሰንም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው እትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ የተወሰኑ የትእዛዝ ዓይነቶች መኖራቸውን ስለሚጠይቅ፣ እንደ ኮር 2 ዱኦ ያሉ ፕሮሰሰሮች ላይ ጨርሶ አይነሣም፤ ከመጀመሪያው የኮር አይ ትውልድ ጀምሮ ያሉት ግን ይህን ያሟላሉ። ለቤት ውስጥ ሁለተኛ ኮምፒውተር ቢያደርጉት አልቃወምም፤ የሰው ደመወዝ የሚሠራበትን ወይም የደንበኛ መረጃ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር ግን በዚህ መንገድ አላዘጋጅም።

ጥያቄ፦ በዊንዶውስ 10 ላይ መቆየት ለምፈልግስ?

መልስ፦ ለግለሰቦች የተዘጋጀው የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ፣ ማይክሮሶፍት ሲጀምረው እንዳስታወቀው፣ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚዘልቅ ነው። የኮምፒውተሩን ቅንብር ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር የሚያመሳስል ሰው ያለ ክፍያ ያገኘዋል፤ ያን የማይፈልግ 30 የአሜሪካ ዶላር ይከፍላል። ድርጅቶች እስከ ሦስት ዓመት ድረስ መግዛት ይችላሉ፤ ዋጋው ግን በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። ይህን እንደ መፍትሔ ሳይሆን ቀጣዩን እርምጃ ለማሰብ እንደተገኘ ጊዜ ይቁጠሩት።

ጥያቄ፦ «ሊኑክስ ጫንበት» የሚል ምክር በየቦታው እሰማለሁ። እውነት ማንኛውንም አሮጌ ኮምፒውተር ያድናል?

መልስ፦ ማንኛውንም አይደለም፤ ይህ የተጋነነ አባባል ነው። በነጻ የሚገኘው የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ከርነል (እምብርቱ) ራሱ 386 ለተባለው እጅግ አሮጌ ፕሮሰሰር የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ አስወግዷል። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ለ32 ቢት ኮምፒውተሮች (የቆየ ዓይነት ፕሮሰሰር ላላቸው) የሚጫን እትም ማውጣት ካቆመ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ በአሮጌ ማሽን ወዳጅነቱ የሚታወቀው ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ዴቢያን እንኳ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ የ32 ቢት መጫኛውን ትቷል። ስለዚህ በመጀመሪያ ማወቅ ያለብዎ ፕሮሰሰሩ 64 ቢት መሆን አለመሆኑን ነው። 64 ቢት ከሆነና 4 ጊጋባይት ራም ካለው፣ ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ በተባለው ቀላል ገጽታው በደንብ ይሠራበታል፤ የ22 ተከታታይ እትሙም እስከ 2029 ማሻሻያ ያገኛል። ዝቅተኛ መስፈርቱ 2 ጊጋባይት ነው፤ በዚያ ላይ ስርዓቱ ይነሣል፣ ዘመናዊ ድረ ገጽ ሲከፈት ግን ይንቀራፈፋል። ኮምፒውተሩን ለኢንተርኔት ብቻ ለሚጠቀም ሰው፣ ጉግል ከ2022 ጀምሮ ያቀረበው ክሮም ኦኤስ ፍሌክስ ሌላው አማራጭ ነው።

ከመወሰንዎ በፊት ሊኑክሱን በፍላሽ ላይ አዘጋጅተው፣ ዲስኩን ሳይነኩ ከፍላሹ ያስነሡትና ይሞክሩት። ዋይፋዩ ይይዛል? ድምፅ አለ? ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ከእንቅልፉ ይነቃል? ፕሪንተሩስ ያትማል? ላፕቶፕ ላይ ችግር የሚፈጥሩት በአብዛኛው እነዚህ ናቸው፤ በተለይ አንዳንድ የብሮድኮም ዋይፋይ ካርዶች ድራይቨራቸው (ካርዱን ከስርዓቱ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ለብቻው መጫን ይኖርበታል። ከሁሉ በላይ የሚወስነው ግን የሚሠሩት ሥራ ነው። ደብዳቤና ሠንጠረዥ በሊብሬኦፊስ ይሠራል። ሥራዎ በፎቶሾፕ፣ በዊንዶውስ ብቻ በሚሠራ የሒሳብ ፕሮግራም ወይም ማክሮ በበዛበት የኤክሴል ፋይል ላይ የቆመ ከሆነ ግን፣ ስርዓት መቀየሩ ኮምፒውተሩን አድኖ ሥራዎን ያስተጓጉላል።

ጥያቄ፦ በግዕዝ ፊደል መጻፍስ በሊኑክስ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ፊደላችን ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ የአማርኛ ኪቦርድም ከቅንብሮች ውስጥ ይጨመራል። የሚያስቸግሩት ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፉ አሮጌ ሰነዶች ናቸው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደላት ድብልቅ ሆነው ስለሚታዩ፣ አሮጌው ዊንዶውስ ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ ቢለውጧቸው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ በጽሑፍ ሥራ ላይ ፈጣን ነው። ቪዲዮ ስከፍት ግን ማራገቢያው ይጮኻል፣ ምስሉም ይቆራረጣል። አርጅቶ ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፤ ምክንያቱም ዛሬ ኮምፒውተርን የሚያስረጀው ከስርዓተ ክወናው ይበልጥ ብሮውዘሩና በውስጡ የሚከፈተው ነገር መሆኑን ያሳያል። ቪዲዮ የሚላከው ተጨምቆ ነው፤ ጭመቃውን መፍታት ደግሞ ከባድ ስሌት ነው። ኤች 264 የተባለውን የቆየ አጨማመቅ ለመፍታት የሚያስችል ልዩ ክፍል በአብዛኞቹ የ2010ዎቹ መጀመሪያ ግራፊክሶች ውስጥ አለ። ዩቲዩብን የመሰሉ ገጾች ግን የኢንተርኔት ፍጆታን ለመቀነስ ሲሉ ቪፒ 9 እና ኤቪ 1 የተባሉ አዳዲስ አጨማመቆችን ይመርጣሉ። የእርስዎ ግራፊክስ እነዚህን ስለማያውቅ ሥራው በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፤ ማራገቢያው የሚጮኸውም ለዚህ ነው። ገጹ ኤች 264 እንዲልክ የሚያስገድድ የብሮውዘር ተጨማሪ ፕሮግራም ይጫኑ፤ ወይም የምስሉን ጥራት ወደ 480 ዝቅ ያድርጉት። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ብሮውዘሩ የዕድሜ ወሰን ሆኖ የሚመጣበት ሌላ መንገድም አለ። ክሮም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 ከወጣው 110ኛ እትሙ ጀምሮ ዊንዶውስ 7ንና 8.1ን ትቷል። ብሮውዘሩ መታደስ ባቆመበት ስርዓት ላይ የባንክና የኢሜይል ገጾች አንድ በአንድ መከፈት እያቃታቸው ይሄዳሉ። ስለዚህ አንድ አሮጌ ስርዓት ለኢንተርኔት ያገለግል እንደሆነ ለማወቅ በቅድሚያ የማየው፣ ማሻሻያ የሚያገኝ ብሮውዘር ይቀበል እንደሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ገንዘቤ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚገዛው፤ ራም ልጨምር ወይስ ኤስኤስዲ?

መልስ፦ አሁን ያለው ሃርድ ዲስክ ከሆነና ራሙ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ከሆነ፣ ያለ ማመንታት ኤስኤስዲ የተባለውን ፈጣን ማከማቻ ይግዙ። ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ ወደ 100 ገደማ የተበታተኑ ንባቦችን ሲያከናውን፣ ተራ ኤስኤስዲ በአሥር ሺዎች ያከናውናል። ራም ሲገዙ ደግሞ በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ አለመሆኑን፣ ላፕቶፕዎም የሚፈልገው ዲዲአር 3 ወይም በአነስተኛ ቮልቴጅ የሚሠራው ዲዲአር 3 ኤል መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬን ባስነሣሁ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ድረ ገጾችም «አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም።

መልስ፦ የማዘርቦርዱ ትንሿ ክብ ባትሪ አልቃለች። ድረ ገጾች የሚያቀርቡት የማረጋገጫ ሰርተፍኬት ከቀን እስከ ቀን የተወሰነ ስለሆነ፣ ሰዓቱ የተዛባ ኮምፒውተር ሁሉንም ይጠራጠራል። ባትሪዋን ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ ማክቡኬ በኢንቴል ፕሮሰሰር የሚሠራ ነው፤ ዕጣው ምንድን ነው?

መልስ፦ አፕል ወደ ራሱ ፕሮሰሰር መሸጋገር የጀመረው በ2020 ሲሆን፣ በ2025 የወጣው ማክኦኤስ ታሆ ለኢንቴል ማኮች የመጨረሻው እትም መሆኑን አስታውቋል፤ እርሱንም የሚቀበሉት ጥቂት ሞዴሎች ናቸው። በኦፕንኮር ሌጋሲ ፓቸር ከተፈቀደው በላይ አዲስ እትም መጫን የተለመደ ነው፤ ሆኖም ከእያንዳንዱ ማሻሻያ በፊት መጠንቀቅ ይጠይቃል። ከ2018 በፊት የተመረቱት ብዙዎቹ ሊኑክስን በቀላሉ ይቀበላሉ፤ ቲ 2 የተባለው ቺፕ ያለባቸው የኋለኞቹ ግን ለእነርሱ የተዘጋጀ ከርነል ያስፈልጋቸዋል።

ጥያቄ፦ አንድ የላቦራቶሪ መሣሪያ የሚያንቀሳቅስ ዊንዶውስ ኤክስፒ ኮምፒውተር አለን። እንቀይረው?

መልስ፦ የመሣሪያው ድራይቨር በአዲስ ስርዓት የማይሠራ ከሆነ አትንኩት። ከኔትወርክ ንቀሉት፤ ፋይል የሚወጣበትን ፍላሽ ለዚያ ሥራ ብቻ አድርጉ፤ የዲስኩንም ሙሉ ቅጂ ዛሬውኑ አዘጋጁ። እንዲህ ባለ ኮምፒውተር ላይ የምፈራው ከቫይረሱ ይልቅ የዲስኩን መሞት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ መሰናበት ያለብኝ መቼ ነው?

መልስ፦ ፕሮሰሰሩ 32 ቢት ከሆነና ኢንተርኔት የሚፈልጉ ከሆነ፣ ራሙ 2 ጊጋባይት ሆኖ የማይጨመር ከሆነ፣ ወይም የጥገናው ወጪ የተሻለ ያገለገለ ኮምፒውተር ከሚገዛበት ዋጋ ከተጠጋ ይሰናበቱት። ባትሪው ያበጠ ከሆነ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ትተው መጠቀምዎን ያቁሙ፤ አይብሱት፣ አይጫኑት፣ ቻርጅም አያድርጉት፤ በባለሙያ ይውጣ። ለሌላ ሰው ከማስተላለፍዎ በፊት ፋይሎችን መሰረዝ እንደማይበቃ ይወቁ። ሃርድ ዲስክ ሙሉ በሙሉ በላዩ ላይ በሌላ መረጃ ይጻፍበታል፤ ኤስኤስዲ ግን መረጃን በውስጡ እያዘዋወረ ስለሚያስቀምጥ፣ ከባዮስ ወይም ከአምራቹ ፕሮግራም በሚሰጥ የማጥፊያ ትእዛዝ ነው መጽዳት ያለበት።