ግሽበት ሲቀንስ ዋጋ ለምን አይቀንስም?

ጥያቄ፦ በአራት ኪሎ አካባቢ የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። የዋጋ ግሽበት ከዓምናው ቀነሰ የሚል ዜና በተደጋጋሚ እሰማለሁ፤ ይሁን እንጂ ጤፉንም ዘይቱንም የምገዛው ከዓምናው በበለጠ ዋጋ ነው። የተሳሳተው ቁጥሩ ነው ወይስ የእኔ አረዳድ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ የግሽበት ቁጥር የሚነግረን ዋጋው የደረሰበትን ደረጃ ሳይሆን የሚጨምርበትን ፍጥነት ስለሆነ፣ ግሽበቱ ቀንሶም ዋጋው ሲጨምር ሊገኝ ይችላል። 100 ብር ይሸጥ የነበረ ዕቃ በአንድ ዓመት ውስጥ 30 በመቶ ቢጨምር 130 ብር ይሆናል። በቀጣዩ ዓመት ግሽበቱ ወደ 15 በመቶ ቢወርድ፣ አዲሱ ጭማሪ የሚሰላው በ130 ብሩ ላይ ነውና ዋጋው 149 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳል። በዚህ ምሳሌ ግሽበቱ «በ15 በመቶ ቀነሰ» ብሎ መዘገብ ስሕተት ነው፤ የቀነሰው በ15 የመቶኛ ነጥብ (ከ30 በመቶ ወደ 15 በመቶ)፣ ማለትም ከነበረበት በግማሽ ነው። የሁለቱን ዓመታት ጭማሪ ደምሮ 45 በመቶ ማለትም አያስኬድም፤ ትክክለኛው 49.5 በመቶ ነው።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው የማነጻጸሪያው ጊዜ ነው። የእህል ዋጋ በመኸር ማግሥትና በክረምት ስለሚለያይ፣ የአንድን ወር ዋጋ ከዓምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ማነጻጸር የተለመደ ነው። ይህም ቢሆን ከእንከን የጸዳ አይደለም። ዐቢይ ጾም በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 2 ቀን፣ በ2017 ዓ.ም. ግን የካቲት 17 ቀን ገብቷል። ስለዚህ የሁለቱን ዓመታት የየካቲት ወር የቅቤና የሥጋ ዋጋ የሚያስተያይ ሰው፣ ዐቢይ ጾም ያልደረሰበትን ወር እኩሌታው ገደማ በጾም ካለፈ ወር ጋር እያስተያየ መሆኑን ልብ ሊል ይገባል፤ ልዩነቱን በሙሉ የገበያ መረጋጋት ውጤት አድርጎ ማቅረብ አንባቢን ማሳሳት ነው። የ12 ወራት ተንከባላይ አማካይ፣ ማለትም በየወሩ የመጨረሻዎቹን 12 ወራት ይዞ የሚሰላው አማካይ፣ ይህን መሰሉን መዛነፍ ያለዝባል፣ ነገር ግን የቅርብ ጊዜ ለውጥን ዘግይቶ ያሳያል።

ሌላው ጉዳይ አማካዩ የማን ነው የሚለው ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ዋጋ የሚሰበስበው ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ገበያዎች ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት የሚሰጠው ክብደትም (በስሌቱ ውስጥ የሚይዘው ድርሻ) ከቤተሰቦች አጠቃላይ ወጪ የተወሰደ ነው። ከጡረታ አበሉ አብዛኛውን ለምግብ የሚያውል ሰው፣ ምግብ ከሌላው ዕቃ ይበልጥ በጨመረበት ዓመት የሚደርስበት ጫና ከአጠቃላዩ ቁጥር ይበልጣል። ስለሆነም የምግብ ግሽበቱን ለብቻው ቢመለከቱ ወደ ቤትዎ እውነታ የቀረበ መልስ ያገኛሉ።

የራስዎን ቤት ግሽበት ለማወቅ ከፈለጉም፣ በዓይነትም በመጠንም አንድ የሆነ አስቤዛ ዘንድሮ የጠየቀውን ገንዘብ ዓምና በዚሁ ወር ለጠየቀው ያካፍሉ፤ ውጤቱ 1.2 ቢሆን ጭማሪው 20 በመቶ ነው ማለት ነው። ዓምና ማኛ ጤፍ ገዝተው ዘንድሮ ወደ ሰርገኛ ዝቅ ብለው ከሆነ ግን ስሌቱ የዋጋውን ጭማሪ አሳንሶ ያሳይዎታል።