መጀመሪያ ሶኬቱን ጠይቂ

ሰላም እህቴ። ሦስት ዓመት የነዳሽውን የኤሌክትሪክ ፒክአፕ እዚሁ አዳማ ላለ የበጎ አድራጎት ማኅበር ልስጥ ወይስ ሸጬ ገንዘቡን ላስረክብ ብለሽ የጠየቅሽውን አነበብኩ። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሁሉ መርቀውሽ አልፈዋል። ምርቃቱ መልካም ነው። እኔ ግን አምና ይህንኑ አድርጌ ስላፈርኩበት የሆነውን ልንገርሽ።

የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለኝ። ቆርቆሮና ቀለም ሳመላልስበት የቆየሁትን ፒክአፕ አረጋውያንን ለሚጦር አንድ ማኅበር ሰጠሁ። ቁልፉን ባስረከብኩበት ቀን ቡና ተፈላ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ አንዲት እናት ኮፈኑን እየዳሰሱ መረቁኝ። በባጃጅ ወደ ቤቴ ስመለስ ደረቴ ተነፍቶ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ በዚያ ሳልፍ ጎራ አልኩ። ፒክአፑ እኔ ካቆምኩት ኒም ዛፍ ሥር ንቅንቅ አላለም። አቧራው መስታወቱን ጋርዶታል፤ ከኋላ የጭነት ቦታው ጥግ ላይ ጆንያ ተነጥፎላት አንዲት ዶሮ ታቅፋለች። አስተዳዳሪው አንገታቸውን ደፍተው "ተበላሽቶብን ነው" አሉኝ። ሊነግሩኝ አፍረው ኖሯል።

አልተበላሸም ነበር። የኤሌክትሪክ መኪና ከትልቁ ባትሪ ሌላ፣ እንደ ማንኛውም መኪና ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አለው። ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። መኪናው ለወራት ሲቆም ትንሹ ባትሪ ሊሞት ይችላል፤ ያን ጊዜ ትልቁ ሙሉ ቢሆን እንኳ መኪናው አይነሳም። የሰፈሩ መካኒክ ከሌላ መኪና በኬብል አገናኝቶ ሲያስነሳው ዳሽቦርዱ ላይ 41 በመቶ የሚል ቁጥር በራ። ዶሮዋ ከነእንቁላሎቿ ወደ ማድቤት ተዛወረች።

ቀድሞ ነገር ለምን ቆመ? ጥፋቱ የእኔ ነበር። እቤቴ ግድግዳ ላይ 7 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ቻርጀር አስተክዬ፣ ማታ ሰክቼ ጠዋት ሙሉ አገኘው ነበር። መኪናውን ስሰጥ ቻርጀሩ እዚያው ግድግዳ ላይ ቀረ። ማኅበሩ ያለው ተራ ሶኬት ነው፤ ከዚያ የሚገኘው 2 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። የመኪናው ባትሪ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ከባዶ ተነስቶ እስኪሞላ 30 ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። በዚያው መስመር ላይ ደግሞ የእንጀራ ምጣድ አለ። ምጣዱና መኪናው አብረው ሲሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል። አረጋውያኑ መብላት አለባቸውና የሚነቀለው መኪናው ነው። ማን ይፈርድባቸዋል? ይህን ስንነጋገር መብራት ጠፋ። ኮረብታው ላይ ያሉት የነፋስ ማማዎች ግን ይሽከረከራሉ፤ አዳማ አንድና ሁለት የሚባሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ተደምረው 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። አስተዳዳሪው ወደዚያ እያዩ "ነፋሱ የእኛ፣ መብራቱ የሰው" ብለው አሳቁኝ።

በማግስቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይዤ ሄድኩ። ከቆጣሪው ለብቻው መስመር ተሳበ፣ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ተገጠመለት፣ የእኔ ቻርጀርም ከግድግዳዬ ተነቅሎ እዚያ ተተከለ። ስለዚህ ለመስጠት ከወሰንሽ ቻርጀሩንና ኬብሉን አብረሽ ስጪ። ብዙዎቹ መኪኖቻችን የቻይና ስለሆኑ መሰኪያቸው ከአውሮፓው ጋር አይገጥምም፤ ካገኙት ሰው ሁሉ ተውሰው የሚጠቀሙበት እንዳይመስልሽ።

ልስጥ ወይስ ልሽጥ ላልሽው፣ መልሱ ያለው ማኅበሩ መኪናውን ወዴት ወዴት እንደሚነዳው ላይ ነው። ገበያ፣ ሆስፒታል፣ ወንጂ፣ ቢበዛ ሶደሬ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም፤ ለነዳጅ ወረፋ አይሰለፉም፣ የሞተር ዘይት አይገዙም። በየሳምንቱ ጭነት ይዘው አዲስ አበባ የሚመላለሱ ከሆነ ግን አስቢበት። አዲስ አበባ ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ሲወጣ ከባትሪው ብዙ ይበላል፣ ሲመለስ ቁልቁለቱ ጥቂት ብቻ ይመልስለታል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ማኅበር ገንዘቡ ይሻለዋል። ገንዘቡ ግን አንቺ የምታስቢውን ያህል ላይሆን ይችላል። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ስታቀርቢ ደላላው "ባትሪው ስንት ቀረው?" ብሎ ገና ጎማውን ሳያይ ዋጋውን ይሰብረዋል። ሰጠሽም ሸጥሽም የባትሪውን ጤንነት በመመርመሪያ መሣሪያ አስለኪ። የእኔ 88 በመቶ ነበር፤ ወረቀቱን ለማኅበሩ ሰጠኋቸው፣ ኋላ ሲደክም በሹፌሩ እንዳያሳብቡ።

ስለ ጎማም ንገሪያቸው። እነዚህ መኪኖች ከባድ ናቸው፣ ሲነሱም ጉልበታቸው በአንድ ጊዜ ስለሚመጣ ጎማ ይበላሉ። የፍሬን ዘይትና የባትሪው ማቀዝቀዣ ፈሳሽም መታየት አለባቸው፤ "ዘይት የለውም" ሲባል ምንም የለውም ብለው የሚረዱት ብዙ ናቸው።

ወረቀቱ አሰልቺ ነው እንጂ ከባድ አይደለም። ማኅበሩ ሕጋዊ ምዝገባ እንዳለው እዪ፤ የስጦታ ውሉን ሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ ተፈራረሙ። ባለትዳር ከሆንሽ ባለቤትሽም ይፈርም። የባንክ ዕዳ ካለበት ወይም ከቀረጥ ነጻ የገባ ከሆነ ያንን ሳትጨርሺ አትጀምሪው። ከሁሉም በላይ ሊብሬው በማኅበሩ ስም ሳይዞር ቁልፍ አትስጪ፤ አደጋ ቢደርስ ባለንብረት ተብለሽ የምትጠሪው አንቺ ነሽ። እኔ ቁልፉን አስቀድሜ ሰጥቼ፣ ስሙ እስኪዞር ድረስ ስልኬ በጮኸ ቁጥር እደነግጥ ነበር። ነጋዴ ከሆንሽ በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 መሠረት እንዲህ ያለው ልገሳ ግብር ከሚከፈልበት ገቢሽ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪ ይያዝልሻል፤ ደረሰኝና የዋጋ ግምቱን ያዢ። ከደሞዝ ግብር ላይ ግን የሚቀነስ የለም።

አሁን ፒክአፑ በየቀኑ ይሠራል። እኚያ የመረቁኝ እናት ለሕክምና ሲሄዱ ጋቢና ይቀመጣሉ፤ ድምፅ ስለሌለው እስከ ዛሬ አላመኑትም፣ መንገድ ከገቡ በኋላም ሹፌሩን "አስነሳው እንጂ ልጄ" ይሉታል።

የማኅበሩን ቆጣሪና የብሬከሩን መጠን ፎቶ አንስተሽ በውስጥ መልእክት ላኪልኝ፤ መስመሩን የሠራልን ልጅ አይቶ ይችል እንደሆነ ይነግርሻል።