መልስ፦ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ባዮሎጂ ብማር ምርምር ይቀርብኛል?

እህቴ፣ ከሀዋሳ አሜሪካ ትንሽ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ (የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ የሚያተኩር፣ ከዋናው ትምህርት ጎን ሌላም የሚያስተምር ኮሌጅ) ባመለክት ምርምር የመሥራት ዕድል ያመልጠኛል ወይ፣ አባቴም ሐኪም ሁኚ ይሉኛል ብለሻል።

ምርምሩ እንዲያውም ይበዛልሻል። እነዚህ ኮሌጆች በአብዛኛው የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪ የላቸውም። ስለዚህ ላብራቶሪ ውስጥ ፕሮፌሰሩን የምታግዢው፣ ፒፔት (ትንሽ ፈሳሽ መለኪያ) ይዘሽ ፒሲአር (ዲኤንኤ የማባዛት ሥራ) የምትሠሪው አንቺ ነሽ። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ከኋላ ተደብቆ መቀመጥ የለም። ዝምተኛ ከሆንሽ መጀመሪያ ላይ ይከብድሻል። ከባዮሎጂው ጎን ታሪክ ወይም ፍልስፍናም ትወስጃለሽ። ለእኔ ይሄ ጥቅም ነው።

ለአባትሽ ግን እውነቱን ንገሪያቸው። እዚያ ሕክምና የሚገባው በአብዛኛው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው። ለውጭ ዜጋ ደግሞ በሩ ጠባብ ነው፤ ጭራሽ የማይቀበሉም አሉ። ሐሳብሽ ሐኪም መሆን ብቻ ከሆነ እዚሁ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ይሻልሻል።

ብሩ አያስፈራሽ። ለምሳሌ አምኸርስት ኮሌጅ የውጭ አመልካቾችንም የሚቀበለው የመክፈል አቅማቸውን ሳያይ ነው። ፉክክሩ ግን ከባድ ነው፤ ከማመልከቻው ጋር የምትልኪው ድርሰትሽ ላይ በደንብ ሥሪ። «ባዮሎጂ ከልጅነቴ እወዳለሁ» የሚለውን ተይው። እዚያው ሀዋሳ ዓሣ ገበያው፣ አሞራ ገደል ሄደሽ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ትርፍራፊ ሲሻሙ እዪና ስለሱ ጻፊ።