የአባቴ ባለ 28 ፎኒክስ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤

አባቴ ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት እየጠገኑና በሰዓት እያከራዩ ነው ያሳደጉን። የካላማዳሪ ቀዳዳ የሚፈለግበት የውኃ ሳፋ፣ የማስቲሽ ሽታ፣ ከጣሪያው የተንጠለጠሉ ጎማዎች፤ የልጅነቴ ቤት ይኸው ነበር። ሱቁ ከተዘጋ 9 ዓመት ሆኖታል። የቀረን አባቴ ራሳቸው ይነዱት የነበረ አንድ ባለ 28 ፎኒክስ ነው። ፔዳሉ አልዞር ብሏል፣ ጎማው ተሰነጣጥቋል፣ ቀለሙም ተላልጧል። ለ16 ዓመት ልጄ ላድሰው እፈልጋለሁ። ወንድሜ «መጀመሪያ ቀለም አስቀባው» ይለኛል። ከየት ልጀምር?

የባለሱቁ ልጅ

መልስ፦

ቀለሙን አይንኩት። የአባትዎ እጅ ያረፈበት እሱ ነው። የዛገውን ቦታ ብቻ ዘይት በነካው ጨርቅ አሸት አሸት አድርገው ይተዉት፤ ገንዘቡን ለኩሽኔታ፣ ለጎማና ለፍሬን ያውሉት።

ፔዳሉ የተያዘው አብዛኛውን ጊዜ የመሐል ዘንጉ ግራሶ ደርቆ ስለሚጠጥር ነው። እሱን ለማጽዳት የፔዳሉን ክንድ ከመሐል ዘንጉ ጋር የሚያጣብቀውን ሽብልቅ ፒን ማውጣት ግድ ይላል፤ ብዙ አሮጌ ብስክሌት የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። ዘይት ጠብ አድርገውበት ይደር። ዳዶውን ከፒኑ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ብቻ ይፍቱት፤ ጭራሽ ካወጡት መዶሻው የፒኑን ጥርስ ይጨፈልቀዋል። ከዚያ የፒኑን ወፍራም ጫፍ የሚውጥ የብረት ቧንቧ ከክንዱ ሥር መሬት ላይ አቁመው ያስደግፉና አንዴ ጠንከር አድርገው ይምቱት። ሳያስደግፉ ከደበደቡት ምቱ ወደ ውስጥ ያልፍና የኩሽኔታው ብዮች የሚሽከረከሩበትን ሳህን ያሰረጉደዋል፤ ያን ጊዜ ምንም ግራሶ ቢቀቡት እየተንገጫገጨ ነው የሚዞረው።

ውስጡን በናፍጣ ይጠቡት። ብዮቹ በየጎኑ 11፣ መጠናቸው 1/4 ኢንች ነው። አዲስና አሮጌ አይቀላቅሉ፤ ያለቀው ስለሚያንስ ጭነቱ ሁሉ በአዲሱ ላይ ይወድቃል። ሲገጥሙ የግራና የቀኙ ፒን በተቃራኒ አቅጣጫ ይግቡ፤ አለዚያ ሁለቱ ክንዶች በአንድ መስመር አይቆሙም። ጥቂት ቀን ከተነዳ በኋላ ዳዶዎቹን ደግመው ያጥብቁ።

ጎማ ሲገዙ «ባለ 28» ማለት ብቻውን አይበቃም። ዛሬ በዚህ ስም የሚሸጠው አብዛኛው ዲያሜትሩ 622 ሚሊ ሜትር የሆነ ቸርኬ ላይ የሚገባ ነው፤ የእርስዎ 635 ነው። ጎኑ ላይ 28 × 1 1/2 ወይም 40-635 የሚል ይፈልጉ። የ13 ሚሊ ሜትር ልዩነት በፈልቃቂ ብረት አይሸነፍም፤ ካላማዳሪውን ቀዶ ያሳርፍዎታል።

አዲሱ ካላማዳሪ በማግስቱ ከተነፈሰ ለመለጠፍ አይቸኩሉ። ቫልቩላው አፍ ላይ ምራቅ ያድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ጥፋቱ የውስጧ ቀጭን ላስቲክ ነው፣ እሷን ብቻ ይቀይሩ።

ፍሬኑ በዘንግ የሚሳብ ስለሆነ ላስቲኮቹ ቸርኬውን ከውስጥ በኩል እኩል መንካታቸውን ጎማውን እያዞሩ ይመልከቱ። ብረት ቸርኬ ሲረጥብ ያዳልጣል። ልጅዎ በክረምት ፍሬን ከሩቅ መያዝ ይልመድ፤ መጀመሪያ መኪና በሌለበት ሜዳ፣ ቸርኬው ላይ ውኃ አፍስሰው ያለማምዱት።