ከብሩሹ በፊት ማስያው፦ ለጠፈር ድርጅት ስለ መሣል ጥያቄና መልስ

ስለ ጠፈር ሥዕል ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ናሳን ለመሰለ ድርጅት የሚሠራ ሠዓሊ ደመወዝተኛ ነው ወይስ በሥራው ልክ የሚከፈለው?

መልስ፦ ሦስት ዓይነት ሠዓልያን አሉ። በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው ነገሩ የሚምታታው።

የመጀመሪያው ተጋባዥ ሠዓሊ ነው። ናሳ የሥነ ጥበብ ፕሮግራሙን ያቋቋመው በ1962፣ ጄምስ ዌብ ድርጅቱን ይመሩ በነበረበት ጊዜ ነው። ፕሮግራሙን የመራው ራሱም ሠዓሊ የነበረው ጄምስ ዲን ሲሆን፣ የዋሽንግተኑ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ባለሙያ ሌስተር ኩክ ሠዓልያኑን በመምረጥ አግዞታል። በሜይ 1963 ጎርደን ኩፐር ወደ ጠፈር ሲመጥቅ ስምንት ሠዓልያን ተጋበዙ። ፒተር ኸርድ፣ ፖል ካልና ሮበርት ማኮል ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ሚቸል ጄሚሰን የተመደበው ማስወንጨፊያው ዘንድ ሳይሆን ጠፈርተኛውን ከባሕር በምታነሣው መርከብ ላይ ነበር። ክፍያው 800 ዶላር ያህል ነበር፤ ከጉዞና ከቀለም ወጪ ብዙም አይተርፍም። ስለዚህ ይህን መንገድ እንደ መተዳደሪያ ማሰብ አያዋጣም። ሰዎቹ ኑሯቸውን የሚገፉት በሌላ ሥራ ነበር።

ሁለተኛው በውል የሚሠራ፣ ገና ያልተገነባውን የሚሥል ሠዓሊ ነው። በ1975 የበጋ ወራት በፊዚክስ ሊቁ ጄራርድ ኦኒል መሪነት ስለ ጠፈር መንደሮች ጥናት ሲካሄድ፣ ሪክ ጊዲስና ዶን ዴቪስ ለናሳ ኤምስ የምርምር ማዕከል የሣሏቸው ሥዕሎች የዚህ ዓይነት ናቸው። ጥናቱ 10,000 ሰው ስለሚኖርበት፣ እየተሽከረከረ ክብደት ስለሚፈጥር ግዙፍ ቀለበት ያወራል። ጽሑፉን ያነበበው ጥቂት ነው፤ ሥዕሎቹን ግን ዛሬም ድረስ ሰው ያውቃቸዋል።

ሦስተኛው ተቀጣሪ ሆኖ ከሳይንቲስቶች ጎን የሚቀመጥ ነው። ዛሬ አብዛኛው ሥራ ያለው እዚህ ነው፤ መሣሪያውም በብዛት ኮምፒዩተር ነው።

ጥያቄ፦ ካሜራ እያለ ሠዓሊ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ በማስወንጨፊያው ዙሪያ ከ200 በላይ ካሜራዎች እንዳሉ ኩክም ያውቅ ነበር፤ ሠዓልያኑን ሲጋብዝም ይህንኑ ጽፎላቸዋል። ካሜራው የፊቱን ሁሉ እኩል ይመዘግባል፤ ሠዓሊው ይመርጣል፣ ይቀንሳል፣ አንዱን ነገር ብቻ ያጎላል። ጁላይ 16 ቀን 1969 ማለዳ የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ልብሳቸውን ሲለብሱ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሠዓሊ ፖል ካል ብቻ ነበር። የያዘው ወረቀትና ብዕር ነው። የዚያን ዓመት የ10 ሳንቲም የጨረቃ ቴምብር የእርሱ ሥራ ነው።

ሠዓሊው ኖርማን ሮክዌል በበኩሉ ጠፈርተኞቹን ግሪሶምንና ያንግን ሊሥል ሲነሣ ፎቶ አልበቃውም፤ እውነተኛው ልብስ እንዲላክለት ጠየቀ። ናሳ ጥቂት ካንገራገረ በኋላ ልብሱን ከአንድ ቴክኒሻን ጋር ላከለት። ቁም ነገሩ ይህ ነው፤ የልብሱ መገጣጠሚያ፣ የቱቦው መግቢያና የእጥፋቱ አቅጣጫ በግምት አይሣሉም።

ጥያቄ፦ ከጨረቃ ላይ ምድርን፣ ከሳተርን ጨረቃዎች ላይ ሳተርንን ስሥል ምን ያህል ላተልቃቸው? ሁልጊዜ «አልተመጣጠነም» እባላለሁ።

መልስ፦ ብዙ ሥዕል የሚወድቀው እዚህ ስለሆነ በዝርዝር እንሂድበት።

በመጀመሪያ ሥዕሉ ስንት ዲግሪ ስፋት እንደሚያሳይ ይወስኑ። 60 ዲግሪ ለመልክዓ ምድር ጥሩ መነሻ ነው። ሸራው 100 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግማሹን (50) ለ30 ዲግሪ ታንጀንት (0.577) ያካፍሉ፤ 86.6 ይመጣል። ይህ ተመልካቹ ከሸራው የሚቆምበት ትክክለኛ ርቀት ነው፤ ለቀሪው ስሌት ሁሉ የሚያገለግለውም ይኸው ቁጥር ነው።

ቀጥሎ የአካሉን ስፋት ለርቀቱ ያካፍሉ። ምድር 12,742 ኪሎ ሜትር ትሰፋለች፣ ከጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ውጤቱ 0.033 ነው። በ86.6 ሲባዛ 2.9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አዎ፣ ሜትር በሚያህል ሸራ ላይ ምድር ከሦስት ሴንቲ ሜትር አትበልጥም። ግማሽ ሰማይ የምትሞላ ምድር የሥሉ ሰዎች ሸራቸው ሳያውቁት የጠባብ ሌንስ ፎቶ ሆኗል ማለት ነው። ጥፋት ላይሆን ይችላል፤ ግን ከፊት ያሉት ድንጋዮችና ጠፈርተኛው በዚያው ጠባብ ሌንስ መታየት አለባቸው። የሚያጣላው ሁለት ሌንስ በአንድ ሸራ ላይ መዋሉ ነው።

አካሉ ቅርብ ሲሆን ማካፈሉ ብቻ አይበቃም። የሳተርን ጨረቃ የሆነችው ኤንሴላደስ ከሳተርን መሃል 238,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የሳተርንን ራዲየስ (60,268) ለርቀቱ ያካፍሉ፣ በማስያው የሳይን ተገላቢጦሽ (sin⁻¹) ማዕዘኑን ያውጡ፤ 14.7 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። የዚህን ታንጀንት በ86.6 ከዚያም በ2 ሲያባዙ 45 ሴንቲ ሜትር ያገኛሉ። ጁፒተር ከጨረቃው ከአዮ ላይ በዚሁ መንገድ 30 ሴንቲ ሜትር ግድም ይመጣል። እነዚህ አካሎች እውነትም ሰማይ ይሞላሉ፤ ማጋነን አያስፈልጋቸውም።

ቀለበቶቹን አይርሱ። የሳተርን ትልልቅ ጨረቃዎች ብዙዎቹ የሚዞሩት በቀለበቶቹ ወለል ላይ ስለሆነ ከእነርሱ ላይ ሲታዩ ቀለበቶቹ ቀጭን መስመር ናቸው። ተዘርግተው የሚታዩት ጥላቸው በሳተርን ደመና ላይ ሲያርፍ ነው። ሰፊ ቀለበት ካስፈለገ መቆሚያውን ያዛውሩ፤ ያፔተስ የተባለችው ጨረቃ ምሕዋር ዘንበል ያለ ስለሆነ ከእርሷ ላይ ያምራል።

ጥያቄ፦ የሰማዩ ጥቁር ነጠብጣብና ዝንጉርጉር ይሆንብኛል። ኮከቦቹም ዱቄት የተነፋበት ይመስላሉ።

መልስ፦ ጥቁሩ ዝንጉርጉር የሚሆነው አንድ ወፍራም ንብር ስለሚደረግ ነው። በጄሶ (ከቀለም በፊት በሚቀባ ነጭ መነሻ) የተቀባ ጠንካራ ሰሌዳ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ፤ ከዚያ ብርሃን የማያንጸባርቅ ጥቁር አክሪሊክ ቀለም ሦስት ወይም አራት ጊዜ በስሱ ይቀቡ። እያንዳንዱን ንብር ከቀደመው ጋር በሚሻገር አቅጣጫ ይሂዱበት፤ ሳይደርቅም አይድገሙበት። እርጥብ ላይ የተመለሰ ብሩሽ የሚተወው ምልክት በኋላ ብርሃን ሲያርፍበት ሁሉ ይታያል።

በኤርብረሽ (በአየር ግፊት ቀለም በሚረጭ መሣሪያ) ከሆነ 0.3 ሚሊ ሜትር አፍ፣ ከ1.5 እስከ 2 ባር ግፊት፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ለሰፊ ሽግግር ይስማማል። በጣም ቀርበው የቀጠነ ቀለም ከረጩ ቀለሙ እግር አውጥቶ ይሮጣል። ከሩቅ ወይም በበዛ ግፊት ከሆነ ደግሞ በአየር ላይ ደርቆ እንደ አሸዋ ይሻክራል። አክሪሊክ መርፌው ጫፍ ላይ ቶሎ ስለሚደርቅ በየጥቂት ደቂቃው በእርጥብ ብሩሽ ይጥረጉት፤ ያለዚያ መትፋት ይጀምራል።

ኮከቦቹ ከፕላኔቱ *በፊት* ይረጩ። የተለመደው ጉድ የሚመጣው ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው፤ በግማሽ ጨረቃ ጨለማ ክፍል ውስጥ ኮከብ ይታያል፣ ልክ አካሉ የተበሳ ይመስል። የቀጠነ ነጭ በጥርስ ብሩሽ ሲረጩ መጀመሪያ ቁራጭ ወረቀት ላይ ይሞክሩ። ወፍራም ጠብታ ከወደቀ ወዲያው በእርጥብ ጥጥ ያንሡት። ብዛቱ ሕግ አለው፦ ብርሃኑ አንድ ደረጃ በቀነሰ ቁጥር የኮከቦቹ ቁጥር ሦስት እጥፍ ግድም ይጨምራል። ስለዚህ በጣም ብዙ ደቃቅ፣ ጥቂት መካከለኛ፣ በጣት የሚቆጠሩ ደማቅ። ደማቆቹን በእጅ ይሥሩ፤ አንዱን ወደ ሰማያዊ፣ አንዱን ወደ ብርቱካን ትንሽ ያዘንብሏቸው።

በፀሐይ የተመታ መሬት ያለበት የጨረቃ ትዕይንት ላይ ግን ኮከብ አያስፈልግም። ለደማቁ መሬት የተመጠነ ዓይንም ሆነ ካሜራ ደካማውን ኮከብ አያነሣም።

ጥያቄ፦ ሥዕሉን የሚያዩት መሐንዲሶች ብዙውን ጊዜ የሚጥሉት በምን ምክንያት ነው?

መልስ፦ በብርሃንና በአቅጣጫ። ፀሐይ አንድ ናት፤ መንኮራኩሩ ከግራ፣ ፕላኔቱ ከቀኝ ከተበራ ሥዕሉ እዚያው አበቃ። የፀሐይ ሰሌዳዎች ወደ ፀሐይ፣ ሳህን አንቴናው ወደ ምድር መዞር አለባቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ ከሳተርን ሲታይ ምድር ከፀሐይ ከ6 ዲግሪ ገደማ በላይ አትርቅም። ስለዚህ እዚያ ያለ መንኮራኩር አንቴናውን ወደ ምድር ሲያዞር የሳህኑ ፊት በፀሐይ ይበራል፤ ጀርባው ይጨልማል። ተቃራኒውን የሣለ ሰው መንኮራኩሩን ድምፅ አልባ አድርጎታል።

ሌሎቹን በአጭሩ። መንኮራኩሩን የሸፈነው ወርቃማ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ወርቅ አይደለም፤ ከበስተጀርባው አልሙኒየም የተለበጠ፣ ቢጫ ቡናማ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ልቅ ሆኖ ስለሚነባበር የተጨማደደ እንጂ የተወጠረ አይመስልም። በባዶ ጠፈር ውስጥ የሮኬት ጭስ ቀጭን ምላስ ሆኖ አይወጣም፤ በስፋት ይዘረጋል፣ ብዙ ጊዜም አይታይም። የጨረቃ አፈር ከላዩ ከሚያርፈው ብርሃን 12 በመቶ ያህሉን ብቻ ይመልሳል፤ ያረጀ አስፋልት እንጂ ነጭ ኖራ አይደለም። ጥላዋም ምላጭ የመሰለ ጠርዝ የለውም፤ ከድንጋዩ ጫፍ አንድ ሜትር ርቆ የወደቀ ጥላ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ያህል ይደበዝዛል፣ ፀሐይ ነጥብ ስላልሆነች። የማርስ የቀን ሰማይ ቢጫ ቡናማ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን በዙሪያዋ ሰማያዊ ይሆናል።

ሳተርን ዘንድ ብርሃኑ 90 ጊዜ ያህል ይቀንሳል፤ ያም ሆኖ ከተለመደ የቢሮ መብራት ይበልጣል። ጨለማ አድርገው አይሣሉት።

እርማቱ ርካሽ የሚሆነው በእርሳስ ደረጃ ነው። መዳፍ የሚያህሉ አራት አምስት ንድፎች ይላኩ፤ አንዱ ሲመረጥ የፀሐይን፣ የምድርንና የመንኮራኩሩን አቅጣጫ በቀስት ያመልክቱበትና ያጸድቁ። ቀለም የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ማጽደቂያውም በጽሑፍ ይሁን፤ የመንኮራኩሩ ንድፍ በየጊዜው ይቀየራልና፣ በኋላ የመጣው ለውጥ በማን ሒሳብ እንደሚታረም ውሉ መናገር አለበት።

ጥያቄ፦ ማንም ያላየውን ፕላኔት መሣል ማታለል አይደለም?

መልስ፦ የሚታወቀውና የሚገመተው ካልተለየ ነው። በፌብሯሪ 2017 ትራፒስት አንድ የተባለው ኮከብ ሰባት ፕላኔቶች ሲገለጡ ሮበርት ኸርትና ቲም ፓይል የሣሏቸውን ምስሎች ዓለም አየ። በእጃቸው የነበረው ግን ፎቶ ሳይሆን የኮከቡ ብርሃን በየጊዜው መደብዘዙ ነበር። ከዚያ ስፋትና የዙረት ጊዜ ይወጣል፤ ደመናና ባሕር አይወጣም። ስለዚህ ከምስሉ ሥር «የሠዓሊ ግምት» የሚል መግለጫ ሁልጊዜ ይኖራል። እርስዎም ሳይጽፉ አይላኩ፤ ሥዕሉ ከመግለጫው ተነጥሎ ሲዞር ፎቶ ተብሎ ይወሰዳል።

ጥያቄ፦ በኋላ ስሕተት ሆኖ የተገኘ ሥዕል ዋጋ አለው?

መልስ፦ በ1944 ሠዓሊው ቼስሊ ቦንስቴል የሳተርን ጨረቃ ከሆነችው ከታይታን ላይ የታየ ሳተርንን ሣለ፤ ከጠፈር ሥዕሎች ሁሉ በጣም ዝነኛ ከሚባሉት ነው። ዛሬ ታይታን በወፍራም ብርቱካናማ ጭጋግ እንደተሸፈነች እናውቃለን፤ ከመሬቷ ላይ ሆኖ ሳተርንን በዓይን ማየት አይቻልም። የጨረቃ ተራሮቹም ሹል ነበሩ፤ እውነተኞቹ ክብ ክብ ናቸው። ሰውዬው አርክቴክቸር ያጠና፣ ለፊልም ትዕይንት የጀርባ ሥዕል የሠራ ባለሙያ ስለነበር ስፋትና ርቀቱ ግን ትክክል ነበር። በእኔ ሚዛን ይህ ይበቃዋል፤ የዘመኑን እውቀት በትክክል የለካን ሥዕል ኋላ የመጣ መረጃ አያዋርደውም።

ጥያቄ፦ ጠፈር ላይ ሆኖ የሣለ አለ?

መልስ፦ የሶቪየቱ ጠፈርተኛ አሌክሲ ሊዮኖቭ በማርች 1965 ባለቀለም እርሳሶቹን እንዳይንሳፈፉ በክር አስሮ የፀሐይ መውጫን ሣለ። ጠፈርተኛዋ ኒኮል ስቶት በ2009 በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ በውሃ ቀለም ሠርታለች። በጨረቃ ላይ የተራመደው አለን ቢን ከናሳ በ1981 ከወጣ በኋላ ሙሉ ጊዜውን ለሥዕል ሰጥቶ፣ ሥዕሎቹ ላይ የጨረቃ ጫማ ምልክት ያሳርፍ ነበር።

ጥያቄ፦ የሥዕሉ መብት የማን ይሆናል?

መልስ፦ የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛ በሥራው ያዘጋጀው በአገሪቱ ሕግ የቅጂ መብት የለውም፤ ማንም ሊጠቀምበት ይችላል። በውል የሚሠራ ግን ውሉ እንዳለው ነው፤ ስለዚህ «ናሳ ድረ ገጽ ላይ ስላለ ነፃ ነው» ብሎ የሌላን ሠዓሊ ሥራ መገልበጥ አደጋ አለው፣ ከምስሉ ሥር ያለውን ስም ይመልከቱ። የድርጅቱ አርማ ደግሞ ለብቻው የተጠበቀ ነው። በራስዎ ውል ላይ ሦስት ነገር ለይተው ያስጽፉ፦ ዋናው ሸራ የማን እንደሚሆን፣ የማባዛት መብቱ የማን እንደሚሆን፣ የመጀመሪያ ንድፎቹ የት እንደሚቀሩ። ሸራውን ከማስረከብዎ በፊትም ሁለት መብራት በ45 ዲግሪ ከግራና ከቀኝ አድርገው ያስነሡት። ጥቁር ሰማይ ትንሿን ነጸብራቅ ሁሉ ስለሚያሳይ ፎቶው ቫርኒሽ ከመቀባቱ በፊት ቢሆን ይሻላል።