ብስክሌቱን አትንካው፤ የሚያዘገይህ ብርዱ ነው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አንብቤ ሳስብበት አደርኩ። ኮምቦልቻ ውስጥ ከቤትህ እስከ ሥራ ቦታህ በብስክሌት ግማሽ ሰዓት ይፈጅ የነበረው መንገድ ከኅዳር ወዲህ 37 ደቂቃ እየወሰደብህ መሆኑን፣ ከጧት አንድ ሰዓቱ ፈረቃ ሁለት ጊዜ ማርፈድህን፣ ጠጋኙም «የኋላው ኩሽኔታ አልቋል፣ ይቀየር» ማለቱን ጽፈሃል። ከሥር የተሰጡህን መልሶችም አየሁ። አንዱ ደም ማነስ ነው ይልሃል፤ ሌላው ሽጠውና ሌላ ግዛ ይልሃል። ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ግን የራስህን ጽሑፍ መልሰህ አንብበው። «ማታ ስመለስ እንደ ድሮዬ ነው» ብለሃል። ኩሽኔታ ጧት አልቆ ማታ አይድንም። ደም ማነስም እንደዚያው።

እኔ ብስክሌት እየነዳሁ ሥራ መሄድ ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ፤ መጀመሪያ ስድስት ዓመት ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ወዲህ ደሴ። አንተ የጠየቅከውን እኔም በመጀመሪያው ዓመት ጠይቄ ነበር። ሞዞ (የጎማውን መሃል እምብርት) አስፈትቼ ግራሶውን አስለወጥኩ፣ ሁለት ኩሽኔታ ገዛሁ፣ ደህናውን ካቴና ጥዬ አዲስ አስገባሁ። ብስክሌቱ ጧት ጧት ያው ከባድ ሆኖ ቀረ። መጋቢት ሲገባ በራሱ ጊዜ ቀለለ፤ ያኔ ነው ነገሩን በጥሞና ማየት የጀመርኩት።

ወቅቱ የሚያታልለን ይመስለኛል። በክረምት ብንዘገይ ማንም ምክንያቱን አይጠይቅም፤ ጭቃው፣ ዝናቡ፣ ጎርፉ ይታያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን አስፋልቱ ደረቅ ነው፣ ሰማዩ እንደ ብርጭቆ ጠርቷል፤ ሰው መንገዱ ሊቀለው ይገባ ነበር ብሎ ያስባል። ብርዱ የሚመጣው ደግሞ ከዚያው ከጠራው ሰማይ ነው። ደመና በሌለበት ሌሊት መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሁሉ ወደ ላይ ትለቀዋለች፤ ይዞ የሚያስቀርላት የለም። ቅዝቃዜው እጅግ የሚበረታው ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው፤ አንተ ከቤት የምትወጣበት ሰዓት። የቀዘቀዘ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ወደ ቦርከና ወንዝ ድልድይ ስትቃረብ በድንገት ጉልበትህን ቆረጥ የሚያደርግህ እሱ ነው። የደሴው ከዚህም ይብሳል፤ ከተማዋ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ስላለች ብርዱ እዚያው ተኝቶ ያድራል፣ ፀሐይዋም ገደሉን ዘልቃ እስክትመጣ እናንተ ዘንድ ካለው በላይ ትዘገያለች።

የመጀመሪያው ጥያቄ የዘገየው ብስክሌቱ ነው ወይስ ነጂው የሚለው ነው። ይህን ለመለየት ገንዘብ አያስፈልግም። ከሰፈራችን በታች ለስላሳ ቁልቁለት ነበረች፤ ከአንድ የመብራት ምሰሶ ሥር ቆሜ፣ ፔዳል ሳልመታ፣ ብስክሌቱ በራሱ እንዲንከባለል ለቀቅኩት። ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ ሄዶ ሄዶ አንድ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ፊት ቆመ። በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ያንኑ ልብስ ለብሼ፣ ከዚያው ምሰሶ ለቀቅኩት። በሩ ሳይደርስ ቆመ። በእርምጃ ለካሁት፤ 14 እርምጃ ቀረው። ለሦስት ቀን ደጋገምኩት፣ ልዩነቱ ከ10 እስከ 16 እርምጃ ነበር። እንግዲህ ብስክሌቱና አየሩ በእርግጥ ይከብዳሉ፤ ግን ሰባት ደቂቃ የሚያስዘገይ ክብደት አልነበረም።

የእነዚያ እርምጃዎች ትልቁ ድርሻ የጎማው ነው። ጎማ መሬት በነካ ቁጥር ይጨፈለቃል፣ ከዚያ ይመለሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይደርቅና ለመታጠፍ ያስቸግራል፣ ከጉልበትህም የበለጠ ይበላል። የጎማው ንፋስም ይቀንሳል። ሙቀት 27 ዲግሪ በሆነበት ከሰዓት በኋላ ጎማህን 50 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ብትነፋው፣ በማግስቱ ጧት 7 ዲግሪ ላይ መለኪያው 46 አካባቢ ያሳይሃል። ካላማዳሪው አልተበሳም፣ ቫልቩም አያፈስም፤ ውስጡ ያለው አየር ቀዝቅዞ ተሰብስቦ ነው። እኔ በዚህ ምክንያት ስንት ጧት ጎሚስታ ጋ ሄጄ ካላማዳሪውን ውሃ ውስጥ አስነክሬ አረፋ ስፈልግ እንደ ኖርኩ! ስለዚህ በፖምፓ የምትነፋው ጧት፣ ከመውጣትህ በፊት ይሁን። ማታ ነፍተህ አትተኛ። የሞዞና የፔዳል ግራሶ በብርድ መወፈሩም እውነት ነው፣ ግን የዚህ ድርሻ ትንሽ ነው፤ ጠጋኙ የነገረህን ያህል አይደለም። ካቴናህን ግን በግራሶ ለውሰኸው ከሆነ አጥበህ ቀጭን ዘይት ቀባው።

ከመለሱልህ ሰዎች አንዱ «ብርድ አየሩን ያወፍረዋል» ብሏል፤ ልክ ነው። 25 ዲግሪ ከነበረው ከሰዓት በኋላ ይልቅ 8 ዲግሪ በሆነው ጧት አየሩ 6 በመቶ ያህል ይከብዳል። ሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው ከሚታገለው ነገር በግምት ግማሹ አየር፣ ግማሹ የጎማው መንከባለል ነው። ሂሳቡን ስሠራው በግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ የአየሩ መክበድ ብቻውን ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። በዚያ ላይ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ሙቀቱ እኩል ሲሆን የደሴው አየር ከኮምቦልቻው 7 በመቶ ያህል ይሳሳል። ነገሩ ሁሉ የአየሩ ውፍረት ቢሆን ኖሮ እኔ ደሴ ስዛወር ጧቱ በቀለለኝ ነበር። አልቀለለኝም፤ ኦክስጅኑም አብሮ ይሳሳልና።

የልብስ ጉዳይ ግን ከአየሩ ይበልጣል። ጋቢ ደርበህ እንደምትነዳ ጽፈሃል። ጋቢ ለእኛ ልብስ ብቻ አይደለም፤ ግን ብስክሌት ላይ እባክህ አትልበሰው። ንፋሱን እንደ ሸራ ይይዘዋል፣ ደረትህንና ትከሻህን ያሰፋዋል፤ ደቂቃና ከዚያም በላይ ይወስድብሃል። ጫፉ ካቴና ውስጥ ከገባ ደግሞ ስለ ደቂቃ የምናወራበት ጊዜ አይኖርም። ሰውነት ላይ ጥብቅ የሚል ጃኬት ልበስ፤ ከጃኬቱ ሥር ደረትህ ላይ አንድ ጋዜጣ አጥፈህ አድርግ። ወረቀቱ ንፋስ አያስገባም፣ ስትደርስ አውጥተህ ታነበዋለህ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ወደ እግርህ። ሰውነት ሲበርደው ደሙን ከቆዳውና ከእጅና ከእግሩ ሰብስቦ ወደ ሆዱና ወደ ደረቱ ይወስዳል፤ ልብንና ሳንባን ለማዳን። እግር ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ጡንቻ ደግሞ ቀስ ብሎ ይኮማተራል፣ ቀስ ብሎ ይላላል፣ የሚያወጣውም ኃይል ያነሰ ነው። ፔዳል ላይ ያለው እግር በደቂቃ 60 እና 70 ጊዜ መዞር አለበት፤ ጡንቻው ከዚያ ፍጥነት ጋር እኩል መሄድ ሲያቅተው አንተ «ዛሬ ማርሹ ከበደኝ» ትላለህ። ከአልጋ ተነስተህ፣ ፊትህን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበህ፣ በቀጥታ ፔዳል ላይ ስትወጣ የመንገዱን አጋማሽ የምትነዳው በዚህ እግር ነው። ማታ ስትመለስ ቀኑን ሙሉ ቆመህና ተንቀሳቅሰህ የሞቀ እግር ይዘህ ነው፤ ፀሐይዋም ገና አልጠለቀችም።

ሌላው ደግሞ ሳናውቀው የምናደርገው ነው። ሙቀቱ 5 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 20 ኪሎሜትር ብትነዳ ፊትህ የሚሰማው እንደ 1 ዲግሪ ነው። በፈጠንክ ቁጥር ንፋሱን አንተው ራስህ ትፈጥረዋለህ። ዓይን ያነባል፣ ደረቱ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ሲገባበት ይጠብባል፣ ሰውነትም ማንንም ሳያማክር ፍጥነቱን ይቀንሳል። በዚያ ላይ የንጋቱን ጨለማ ጨምርበት። በሰኔ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ በጥር ግን 12፡40 ካለፈ በኋላ ነው። አንተ ከቤት የምትወጣው 12፡20 ላይ ነው ብለሃል። ያን ጊዜ በብርሃን ያየኸውን ጉድጓድ አሁን በጨለማ እየዳሰስክ ነው የምታልፈው፤ መዘግየትህ ተገቢ ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት በመጨረሻው መስመርህ ምክንያት ነው። «ከሰኞ ጀምሮ የጠፋብኝን ሰዓት ቁልቁለቱ ላይ አስመልሳለሁ» ብለሃል። እንዳታደርገው።

ደሴ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በታኅሣሥ፣ ከላይኛው ሰፈር ወደ ፒያሳ እየወረድኩ ነበር። ጓንት አልነበረኝም። ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከፊቴ አንዲት እናት እንጨት የጫኑ ሁለት አህዮች እየነዱ ከመታጠፊያው ብቅ አሉ። ርቀቱ ለማቆም ከበቂ በላይ ነበር። ፍሬን ልይዝ ጣቶቼን አዘዝኳቸው፤ አልታዘዙኝም። አየኋቸው፤ እጀታው ላይ ተጣብቀው፣ እንደ ሌላ ሰው ጣት፣ የእኔ ያልሆኑ ይመስል ዝም ብለው ተቀምጠዋል። መጨረሻ ላይ በሙሉ መዳፌ ክንዴን ጭምር ስቤ የኋላውን ፍሬን ያዝኩት፤ ቸርኬው ጤዛ ስለነበረበት ተንሸራተተ፣ እኔም ወደ ቦዩ ገባሁ። እናቲቱ «አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ» እያሉ ደግፈው አነሱኝ። ጉልበቴና መዳፌ ተልጠው ነበር፤ ሕመሙ ግን የተሰማኝ ሻይ ቤት ገብቼ ብርጭቆውን በሁለት እጄ ከያዝኩ በኋላ ነው። አህዮቹ ባይሆኑና ሕፃን ልጅ ቢሆን ኖሮ የሚለው ሐሳብ ዛሬም ቁልቁለት ላይ ይመጣብኛል።

ከዚያ ወዲህ ጓንት ሳላደርግ ወጥቼ አላውቅም። የሱፍ ጓንት ብቻውን ንፋስ ያስገባል፤ ከላዩ ፌስታል አጥልቀህ አንጓህ ላይ በላስቲክ ያዘው፣ አያምርም ግን ይሠራል። ጠጋኙ ጋ መሄድህ ካልቀረ ደግሞ ኩሽኔታውን ትቶ የፍሬን ገመድህን እንዲያጠብቅልህ ንገረው፤ እጀታው ገና ትንሽ ሲሳብ እንዲይዝ። የደነዘዘ ጣት ብዙ መሳብ አይችልም። አንዳንድ ቅዳሜ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው በሐረጎ ቁልቁለት አድርገህ እንደምትወርድም ከዚህ በፊት እዚህ ጽፈህ አይቻለሁ። እዚያ ጉም ባለበት ጧት ከሆነ፣ እጅህ ሞቆ እንደሆነ ለማረጋገጥ በየመሃሉ ቁም፤ ከኋላህ የሚመጣው የጅቡቲ ከባድ መኪና ነው።

ለሥራው መንገድ እኔ የማደርገው ይህ ነው። ከቤት ከመውጣቴ በፊት ግቢ ውስጥ ሃያ ጊዜ ያህል ቁጢጥ ብዬ እነሳለሁ፤ ትኩስ ሻይ እጠጣለሁ። ጎማዬን እለካለሁ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች በቀላሉ ማርሽ፣ እግሬን በፍጥነት እያዞርኩ፣ ሳልገፋ እነዳለሁ። ከዚያ ሰውነቴ ይከፈታል። ይህን ካደረግህ ሰባቱ ደቂቃ ወደ አራት ወይም ወደ ሦስት ይወርዳል ብዬ አምናለሁ። የቀረችውን ከእንቅልፍህ ክፈላት፤ ከ12፡20 ይልቅ በ12፡10 ውጣ።

የምሰሶውን ሙከራ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ጧትና ከሰዓት በኋላ ሞክረውና ውጤቱን እዚሁ ጻፍልን። ቀንም ጧትም እኩል ቦታ ላይ፣ ብዙም ሳይሄድ የሚቆም ከሆነ፣ ወይም ጎማውን ከመሬት አንሥተህ ስታሽከረክረው የሚያጉረመርም ድምፅ ካለው፣ ያኔ ጠጋኙ ትክክል ነው፤ ኩሽኔታውን ቀይር።